የቆላ ብሎን፣ የደጋ ብሎን፦ ሞተር ብስክሌት ያለበትን ከፍታ ማወቅ የቻለበት ታሪክ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ዘወትር ከምንወያይባቸው አገራዊ ጉዳዮች ራቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከሥሩ ካልጀመርኩት ፍሬው ስለማይገኝ፣ ውድ አንባቢዎች ጥቂት እንድትታገሡኝ በቅድሚያ እጠይቃለሁ።

የነገሩ ሥር አንድ የክብሪት ቀፎ ነው። አባቴ በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደሴ ላይ የወባ ማጥፊያ ሠራተኛ ነበሩ። ቤታችን ደሴ ይሁን እንጂ ሥራቸው ደሴ አልነበረም፤ ወባ ያለችው ታች ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ብስክሌት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ አልፈው እስከ ሚሌ ይወርዱ ነበር። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ሚሌ ግን 500 ሜትር እንኳ አትሞላም። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል መውረድ ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንድ ጊዜ እስከ ባቲ ድረስ ከኋላ አፈናጥጠው ይወስዱኝ ነበር። ባቲ ስንደርስ ሻይ ያዛሉ። ሻዩ እስኪመጣ ከደረት ኪሳቸው የክብሪት ቀፎ ያወጣሉ። ከቀፎው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ የናስ ብሎን ትወጣለች። የካርቡሬተሩን ሆድ ከሥር ከፍተው፣ እዚያ ያለችውን ብሎን በካቻቢቴ ነቅለው ይችኛዋን ያስገባሉ። የተነቀለችው ተጠራርጋ ወደ ክብሪት ቀፎው ትገባለች። ሲመለሱ ደግሞ እንደገና ይቀያይሯቸዋል። ሁለቱ ብሎኖች ለዓይን መንታ ናቸው። ልዩነታቸው መሐላቸው ላይ ባለችው የመርፌ ዓይን በምታህል ቀዳዳ ስፋት ብቻ ነው፤ ያውም በፀጉር ያህል። አባቴ አንዷን «የቆላ ብሎን»፣ ሌላዋን «የደጋ ብሎን» ይሏቸው ነበር።

ለምን እንደሚቀይሩ ስጠይቃቸው «ደጋ ላይ አየሩ ቀጭን ነው፤ ቤንዚን ካበዛህበት ሞተሩ ይታነቃል። ቆላ ላይ አየሩ ወፍራም ነው፤ ቤንዚን ካሳነስክበት ይቃጠላል» አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። አየር እንዴት ይወፍራል? እንዴትስ ይቀጥናል? ያቺ አጭር ንግግር ምን ያህል ትክክል እንደነበረች በሚገባ የገባኝ በምሕንድስና ሁለት ዲግሪ ከያዝኩ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሞተር ብስክሌት ያለበትን ከፍታ ማወቅ የቻለበትን ታሪክ በአጭሩ ማውጋት ነው። ሁለተኛው፣ በመጨረሻ አንድ የራሴን ስሕተት መናዘዝ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ያልኩባቸው ካልሆኑ በስተቀር የአውሮፓውያን ናቸው።

አየር ክብደት አለው

ታሪኩ የሚጀምረው ሞተር ከመፈጠሩ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ነው። በ1643 ጣሊያናዊው ኢቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ ባቀደው ሙከራ፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስተዋት ቱቦ በሜርኩሪ ተሞልቶ፣ ተገልብጦ፣ ሜርኩሪ በያዘ ሳህን ላይ ቆመ። ሜርኩሪው ጥቂት ወረደና 76 ሴንቲ ሜትር ያህል ላይ ቀጥ አለ። ይህን ሁሉ ከባድ ፈሳሽ ወደ ላይ ደግፎ የያዘው ምንድን ነው? የቶሪቼሊ መልስ፣ ሳህኑን ከላይ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው የሚል ነበር። እኛ የሰው ልጆች በአየር ባሕር ግርጌ የምንኖር ፍጡራን ነን ማለት ነው።

ይህ እውነት ከሆነ ወደ ተራራ ሲወጣ ከላይ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ሜርኩሪው ዝቅ ማለት አለበት። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ይህን እንዲፈትንለት የእኅቱን ባል ፍሎራን ፔሪዬን ጠየቀ። ፔሪዬ መስከረም 19 ቀን 1648 ክሌርሞን ከተማ ውስጥ ሁለት ቱቦዎች አዘጋጀ። አንዱን በገዳም ግቢ ውስጥ አቁሞ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ እንዲጠብቀው አደራ ሰጠ። ሌላውን ይዞ ከተማዋ አጠገብ ወዳለው ፒዊ ደ ዶም ተራራ ወጣ። ተራራው ጫፍ ላይ ሜርኩሪው ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ተገኘ። የመነኩሴው ቱቦ ግን ከጠዋት እስከ ማታ አልተነቃነቀም።

ያን መነኩሴ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እርሱ ባይኖር ኖሮ «ሜርኩሪው የወረደው በቀኑ የአየር ጠባይ ነው» ማለት ይቻል ነበር። የወጣው ሰው መለኪያ ትርጉም ያገኘው የቀረው ሰው መለኪያ ስላለ ነው። ወደዚህ ነጥብ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

በዛሬ አለካክ የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። እኔ አሁን የምኖርባት ዴንቨር ከተማ ላይ፣ ማለትም 1,600 ሜትር ላይ፣ 83 ነው። አዲስ አበባ ላይ 76፣ ደሴ ላይ 75 ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የደሴ ሰው አንድ ጊዜ ሲተነፍስ የሚያገኘው አየር የአሰብ ሰው ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሞተርም እንደዚሁ።

ካርቡሬተር ምን ይለካል?

ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 ከእንጨት በተሠራ ባለ ሁለት ጎማ ላይ የቤንዚን ሞተር ገጠሙ። ብዙዎች የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌት የሚሉት ይህንን ነው። በ1893 ደግሞ ማይባህ ቤንዚንን በቀጭን አፍ የሚረጭ ካርቡሬተር ሠራ። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል በዓለም ላይ የተሠሩት ካርቡሬተሮች በጥቅሉ የዚህ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

አሠራሩ ብልሃት የተሞላበት ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ በኩል ያልፋል። በጠባቡ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል። ያ የቀነሰ ግፊት ከታች ካለው ቋት ቤንዚን በብሎኗ ቀዳዳ በኩል ይስባል። አየር በበዛ ቁጥር ቤንዚኑም ይበዛል። ኮምፒውተር የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፤ ሥራውን ንፋሱ ራሱ ይሠራዋል።

ችግሩ ሞተር የሚፈልገው የአየርን ክብደት መሆኑ ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ካርቡሬተር ግን ክብደትን በቀጥታ አይመዝንም፤ የሚታዘዘው ለንፋሱ ፍጥነትና እርሱ ለሚፈጥረው መሳብ ነው። ስሌቱን ለማይወዱ አንባቢዎች አሳጥሬ ልግለጸው፦ አየሩ ወደ 75 በመቶ ሲሳሳ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር በክብደት 75 በመቶ ይሆናል። የሚሳበው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ 87 በመቶ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ሞተር ደሴ ላይ ሲሠራ ከሚገባው 15 በመቶ ያህል ትርፍ ቤንዚን ይጠጣል። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ዳገት ላይ ያለከልካል። አባቴ «ይታነቃል» ያሉት ይህንን ነው።

ተቃራኒው ደግሞ የባሰ ነው። ለደሴ ተስተካክሎ ሚሌ የወረደ ሞተር ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ያውም በሚሌ ሙቀት፣ ከልክ በላይ ይግላል፤ ፒስተኑ ሊነክስ ወይም ሊበሳ ይችላል። ከሰው መንደር ርቆ በረሃ መሐል ፒስተን የበላ ሞተር ይዞ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ያቺ ናስ እንግዲህ ለአባቴ የሥራ ዕቃ ብቻ አልነበረችም።

በዚያ ዘመን ወደ አገራችን የሚገቡት ሞተሮች አብዛኞቹ በአሰብ ወደብ በኩል ይመጡ ነበር። ከፋብሪካ ሲወጡ ለዝቅተኛ ቦታ ተለክተው ነው። ስለዚህ የደጋ መካኒክ የመጀመሪያ ሥራው ሞተሩን ለአገሩ ማስተካከል ነበር። ይህን ዕውቀት በመጽሐፍ የጻፈልን የለም። በጆሮ፣ በካንዴላ ቀለምና በክብሪት ቀፎ ሲወራረስ የኖረ ነው።

ከሰማይ ወደ መንገድ

ከፍታ ከሞተር ብስክሌት በፊት ያስቸገረው አውሮፕላንን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተዋጊ አውሮፕላኖች አምስትና ስድስት ሺህ ሜትር ሲወጡ ሞተራቸው ይደክም ነበር። በ1917 ጀርመናዊው መሐንዲስ ማክስ ፍሪትስ ለቢኤምደብልዩ ኩባንያ «ሦስት ኤ» የተባለውን ሞተር ሠራ። ይህ ሞተር ለከፍታ ታስቦ የተነደፈ ሲሆን፣ ልዩ የከፍታ ካርቡሬተር ነበረው። አብራሪው መሬት አጠገብ ሳለ ሙሉ በሙሉ እንዳይከፍተው ይከለከል ነበር፤ ሙሉ ትንፋሹ የተጠበቀው ለቀጭኑ አየር ነው። በ1919 የዚሁ ኩባንያ ተከታይ ሞተር የተገጠመለት አውሮፕላን 9,760 ሜትር ወጣ።

በዚያው ዓመት የቬርሳይ ስምምነት ጀርመን የአውሮፕላን ሞተር እንዳትሠራ ከለከለ። ፍሪትስና ኩባንያው ሌላ እንጀራ መፈለግ ነበረባቸው። በ1923 ፍሪትስ «አር 32» የተባለውን ሞተር ብስክሌት ነደፈ። የቢኤምደብልዩ ሞተር ብስክሌቶች አባት ይህ ነው። ነገሩ የሚገርመው፣ ከፍታን ድል የነሳው ሰው የሠራው ሞተር ብስክሌት ራሱ ከፍታን የማያውቅ መሆኑ ነው። ተራ ካርቡሬተር ነበረው። ለመንገድ ሰው የከፍታ መሣሪያ ቅንጦት ሆኖ ታየ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች ካርቡሬተሩን ጥለው ቤንዚንን በፓምፕ ገፍተው ወደ ሞተሩ ማስገባት ያዙ። «ኢንጀክሽን» የምንለው ይህ ነው። እንግሊዞች ግን በስፒትፋየር ላይ ካርቡሬተር ነበራቸው። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ድንገት ወደ ታች ሲደፋ ሞተሩ ይቋረጥ ነበር። ጊዜያዊ መድኃኒቱን ያገኘችው ቢያትሪስ ሺሊንግ የተባለች መሐንዲስ ናት። በ1941 በነዳጅ መስመሩ ላይ የምትገባ፣ መሐሏ የተበሳ ትንሽ የናስ ቁራጭ ሠራች፤ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እንዳያልፍ ታግዳለች። ይህች ሴት ከጦርነቱ በፊት የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ነበረች፤ ብሩክላንድስ በተባለው ሜዳ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታ ተሸልማለች። ታሪኳን ሳነብ አባቴ ትዝ አሉኝ። ሁለቱም በአንዲት የናስ ቀዳዳ ሞተር ያዳኑ ሰዎች ናቸው።

በጀርመን በኩል «ቢኤምደብልዩ 801» በተባለው ሞተር ላይ የተገጠመ አንድ መሣሪያ ነበር። አብራሪው አንድ እጀታ ብቻ ሲገፋ፣ መሣሪያው የአየሩን ግፊት እየተከታተለ የነዳጁን መጠን፣ የካንዴላውን የእሳት ሰዓትና ሌላውንም ያስተካክላል። ኤሌክትሮኒክስ አልነበረውም፤ በዘይት ግፊትና በማንሻዎች የሚሠራ የብረት አእምሮ ነበር። ሐሳቡ እንግዲህ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ተገኝቷል። የጎደለው ነገር ሞተር ብስክሌት ላይ እስኪገጠም ድረስ ማሳነስና ማርከስ ነበር። ያ ብቻ አርባ ዓመት ፈጀ።

ሳጥኑ ሲመጣ

በ1957 ቤንዲክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ይፋ አደረገ። ለ1958 ሞዴል በጥቂት የክራይስለር መኪኖች ላይ ተገጠመ። ግን የዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሙቀቱንና ርጥበቱን ስላልቻለው አብዛኞቹ መኪኖች ወደ ካርቡሬተር ተመለሱ። ሐሳቡን የጀርመኑ ቦሽ ወስዶ አበሰለውና በ1967 በፎልክስቫገን 1600 ላይ አወጣው። ይህ መሣሪያ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚያውቀው በግፊት መለኪያ ነበር። በመለኪያው ውስጥ አየር የወጣላቸው ቀጫጭን የብረት ከረጢቶች አሉ፤ ግፊቱ ሲለዋወጥ ያብጣሉ፣ ይሟሽሻሉ። የቶሪቼሊ ልጅ ሞተር ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሞተር ብስክሌት ተራው የደረሰው በ1980 ካዋሳኪ ባለ ኢንጀክሽን ዚ1000 ሲያወጣ ነው። ሆንዳ በ1982 ሲኤክስ 500 ቱርቦን አስከተለ። በ1983 ቢኤምደብልዩ ኬ100ን አወጣ። ማክስ ፍሪትስ አር 32ን ከነደፈ ልክ 60 ዓመት መሆኑ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዱካቲ 851 መጣ፤ ሃርሊ ዴቪድሰን በ1995 ተከተለ። እነዚህ ሁሉ የሀብታም ሞተሮች ናቸው። ለአንድ ተራ ገበሬ፣ ለአንድ የጤና ሠራተኛ የሚሆን ትንሽ ሞተር ላይ ሳጥኑ የወረደው ከ2000 ወዲህ ነው። የወረደውም ለድሃ ታስቦ ሳይሆን በጭስ ሕግ ምክንያት ነው። አውሮፓ ከ2006 ጀምሮ የሞተር ብስክሌትን ጭስ አጠበቀች። ሕንድ ሚያዝያ 1 ቀን 2020 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የተነሣ የሕንድ ፋብሪካዎች ለአገራቸው ገበያ የሚያመርቷቸው ትንንሽ ሞተሮች ጭምር በአብዛኛው ወደ ኢንጀክሽን ተዛወሩ።

ሴንሰሮቹ ምን ይሠራሉ?

አሁን ወደ ሳጥኑ ውስጥ እንግባ። በአንድ ዘመናዊ ትንሽ ሞተር ላይ የሞተሩን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር አለ። እጀታው ምን ያህል እንደተጠመዘዘ የሚያይ አለ። የሚገባውን አየር ሙቀትና የሞተሩን ሙቀት የሚለኩ አሉ። በማርሚታው መንገድ ላይ ተቀምጦ ከተቃጠለው ጭስ ውስጥ የተረፈ ኦክስጅን መኖሩን የሚያሸት አለ። የከፍታ ነገር በዋናነት የተጣለው ግን በግፊት ሴንሰሩ ላይ ነው። ከሲሊከን የተሠራች፣ ከወረቀት የቀጠነች ገበታ አለችው። ግፊት ሲጫናት ትጎብጣለች፤ ስትጎብጥ በላይዋ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይለወጣል።

ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ገና ሳይነሳ፣ በአየር መግቢያው ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ጋር እኩል ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ያነባል፤ «ዛሬ የቆምኩት 75 ኪሎ ፓስካል ላይ ነው» ብሎ ይመዘግባል። አንዳንዶቹ ሞተሮች የውጭውን አየር ብቻ የሚለካ ሁለተኛ ሴንሰር አላቸው። ሞተሩ ሲነሳ ሴንሰሩ ፒስተኑ አየር በሳበ ቁጥር ግፊቱን ይከታተላል። ከግፊቱ፣ ከሙቀቱና ከሲሊንደሩ ስፋት የአየሩ ክብደት ይሰላል። ከዚያ ኢንጀክተሩ ስንት ሺኛ ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ይወሰናል።

በቁጥር ልናገር። የሲሊንደሩ ስፋት 125 ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው እንበል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ ሲሊንደሩም ሙሉ በሙሉ በአየር ተሞልቷል። ባሕር ጠለል ላይ ለአንድ ሲሊንደር ሙሉ አየር 10 ሚሊ ግራም ያህል ቤንዚን ያስፈልጋል። ደሴ ላይ ደግሞ 7.5 ሚሊ ግራም። ልዩነቱ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። የአባቴ የክብሪት ቀፎ ጉዳይ በሙሉ ይህቺው ነበረች። እርሳቸው ባቲ ላይ ሻይ አዝዘው የሚሠሩትን ሥራ ኮምፒውተሩ በደቂቃ በሺህ ጊዜ ይሠራዋል፤ ዝናብ አይከለክለውም፣ ጨለማ አይከለክለውም።

አንድ የተለመደ የተሳሳተ እምነት ግን ላርም። ኢንጀክሽን አየር አይፈጥርም። እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ የሚደረግ ዕውቅ ውድድር አለ፤ መነሻው 2,862 ሜትር፣ መድረሻው 4,302 ሜትር ነው። በ2012 አንድ ባለ ኢንጀክሽን ዱካቲ ያንን ዳገት ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲጨርስ ለሞተር ብስክሌት የመጀመሪያው ሆነ። ይሁንና ጫፉ ላይ የአየሩ ግፊት 60 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ማንኛውም ሞተር ጉልበቱን 40 በመቶ ያህል ያጣል። ሴንሰሩ የጠፋውን አየር አይመልስም። የሚያደርገው ሞተሩ ባለው አየር ልክ እንዲበላ ማድረግ ብቻ ነው። ይህም ትልቅ ነገር ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ለሚሌኒየሙ አገር ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ለአባቴ በኩራት አስረዳኋቸው። ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። «ከእንግዲህ የክብሪት ቀፎው ሙዚየም ይግባ» ብዬም ቀለድኩ። አባቴ አልተቀየሙም። በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሲዋሽስ?»

«አይዋሽም አባባ፣ መሣሪያ እኮ ነው» አልኳቸው።

ስሕተቴ

በ2015 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ነው። ደሴ ያለው የአክስቴ ልጅ በሞተር ብስክሌት ዕቃ እያመላለሰ ይተዳደራል። ሞተሩ ባለ ኢንጀክሽን ነው። አንድ ቀን ደወለልኝ፤ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን እጥፍ ይጠጣል፣ በሚኒሞ ሲሠራ ይጠፋል፣ የብልሽት መብራት ግን አልበራም። እኔ ደግሞ እዚህ ዴንቨር ውስጥ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ብልሽቶች አብዛኞቹ ከነዳጅ ፓምፕ ጋር የተያያዙ ስለነበሩ፣ ያለ ብዙ ጥያቄ «ፓምፑ ነው፣ ግፊቱን አብዝቶታል፤ ቀይረው» አልኩት። ገንዘብ ላክሁ። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቆመ። ተቀየረ። ጭሱ ግን እንዳለ ነው። ቀጥዬ «ኢንጀክተሩ ነው» አልኩ። እርሱም ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ኮምፒውተሩን ለማስቀየር ገንዘብ ልልክ ስዘጋጅ፣ የአክስቴ ልጅ ሥራ ካቆመ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። የሁለት ልጆች አባት ነው። አንድም ቀን ግን «ተሳስተሃል» አላለኝም። የአሜሪካ መሐንዲስ ነኛ!

በዚህ መሐል ሞተሩን እቤታችን ግቢ ውስጥ አስነሥቶ ሲሞክር፣ አባቴ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ካንዴላውን ንቀልና አምጣልኝ አሉት። ጥላሸቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ይሄ ሞተር ሚሌ ያለ መስሎታል» አሉ።

የአክስቴ ልጅ ይህንን በስልክ የነገረኝ እየሳቀ ነው፤ አጎቱ ያረጁ መስሎት። እኔ ግን ዝም አልኩ። ሚሌ ያለ መስሎታል! የግፊት ሴንሰሩ ከእውነተኛው የበለጠ ግፊት እያነበበ ከሆነ ኮምፒውተሩ ወፍራም አየር ገባ ብሎ ያምናል፤ ባመነው ልክ ቤንዚን ይረጫል። መብራቱ አለመብራቱም ይህንኑ ይናገራል። ሴንሰር ጨርሶ ሲሞት ኮምፒውተሩ ያውቃል፤ መብራት አብርቶ በተቀመጠለት ግምት ይሠራል። የሚታመን ቁጥር እየሰጠ የሚዋሽ ሴንሰርን ግን ብዙ ጊዜ አያውቅበትም። «ከአየር መግቢያው ወደ ሴንሰሩ የሚሄድ ቀጭን የጎማ ቱቦ አለ፤ በእጅህ ዳስሰው» አልኩት። ቱቦው ከመታጠፊያው ላይ ተሰንጥቆ የውጭውን አየር ይስብ ነበር። በጥቂት ብር በተገዛ ቁራጭ ቱቦ ሞተሩ ዳነ።

«ሲዋሽስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ከ15 ዓመት በኋላ ነው፤ ያውም ከጠያቂው። አባቴ በተከታዩ ዓመት አረፉ። የክብሪት ቀፎው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ ሁለቱም ብሎኖች ውስጡ አሉ።

ማጠቃለያ

ይህን የጻፍኩት የድሮው ይሻላል ለማለት አይደለም። አይሻልም። ካርቡሬተር ቤንዚን ያባክናል፣ አየር ይበክላል፣ ሰውን ከመንገድ አውርዶ ያንበረክካል። አባቴም ቢሆኑ በወጣትነታቸው ኢንጀክሽን ቢያገኙ ኖሮ ብሎኖቹን ባቲ ገደል ይጥሏቸው ነበር።

የጻፍኩት ስሕተቴ ከዕውቀት ማነስ የመጣ ስላልነበረ ነው። የግፊት ሴንሰር እንዴት እንደሚሠራ ከአባቴ የበለጠ አውቅ ነበር። ያልነበረኝ ልኩ ነው። በቋንቋችን «ልክ» የሚለው ቃል መጠንም ነው፣ እውነትም ነው፤ ሳይለኩ ልክ መሆን አይቻልም። እኔ የደሴን ሞተር የመረመርኩት ዴንቨር በለመድኩት ብልሽት ነው። ሴንሰሩ በቱቦው መሰንጠቅ ያለበትን ቦታ እንደሳተ፣ እኔም የቆምኩበትን ቦታ ረስቼ ነበር። እንደ እርሱም የሚታመን ቁጥር እየሰጠሁ ስለነበር ማንም መብራት አላበራብኝም።

እኛ ውጭ የምንኖር ሰዎች አብዛኞቻችን ብሎናችን ከአገር በወጣንበት ዓመት ላይ እንደተጠበቀ ነው። አገሩ ወጥቷል፣ ወርዷል፤ እኛ ግን በዚያችው ቀዳዳ ልክ ምክርም፣ ገንዘብም፣ ቁጣም እንረጫለን። ዝም እንበል ማለቴ አይደለም። ፔሪዬ ተራራ መውጣቱ ጥፋት አልነበረም፤ እርሱ ባይወጣ ዛሬ የምናውቀውን ባላወቅን። ነገር ግን ወደ ታች ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ክሌርሞን ወደቀረው መነኩሴ ሄዶ «አንተጋ ስንት ላይ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነበር።

እኔ ሦስት ጊዜ ደውዬ አንድ ጊዜ እንኳ ይህን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። የወር ገቢው የተቋረጠው ግን የአክስቴ ልጅ ነው።

ቸር ይግጠመን።